የትኛውን ጌጅ እንመን?

የኑክሌር ሮኬት ሞተርን ስለ መምራትና ስለ መለካት ለጠቅላላ ታዳሚ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት የተስተካከለ

  

ስለ ኑክሌር ሮኬት ሲነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኃይሉ ነው፤ ስንት ሜጋዋት ነው፣ ማርስ በስንት ወር ያደርሳል ይላል። እኔ ዛሬ ከዚያ ፈቀቅ ብዬ ሞተሩን በሚመራው ሰው ወንበር ላይ ላስቀምጣችሁ እፈልጋለሁ። ይህ ሰው ምን ምን ማዘዝ ይችላል? ያዘዘው መፈጸሙን በምን ያውቃል? የሚያየውንስ ቁጥር ምን ያህል ሊያምነው ይገባል? አስተያየቴን ሳልደብቅ ከወዲሁ ልናገር፦ ይህን ሞተር ማዘዝ አስቸግሮ አያውቅም፤ ያስቸገረው በውስጡ ያለውን ማወቅ ነው። በመጀመሪያ ስለ ሞተሩና ስለሚመራባቸው ሁለት እጀታዎች፣ ቀጥሎ ስለ መለኪያዎቹ፣ በመጨረሻም መለኪያ ሲሳሳት ስለሚሆነው እናገራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞተሩን እንተዋወቀው። ተራው ሮኬት ነዳጅና ኦክሲጅን አቃጥሎ ጋዙን በኋላው ይተፋል። የኑክሌሩ ሮኬት ግን የሚያቃጥለው ነገር የለውም። ፈሳሽ ሃይድሮጅን በጋለ ሬአክተር ውስጥ ያሳልፍና የጋለውን ጋዝ በኖዝል፣ ማለትም በሞተሩ መተፊያ አፍ፣ ያስወጣዋል። ሃይድሮጅን ከጋዞች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ በእኩል ሙቀት ከሌሎቹ እጅግ ፈጥኖ ይወረወራል። በዚህ የተነሳ ከእያንዳንዱ ኪሎ የሚገኘው ግፊት ከምርጡ የኬሚካል ሮኬት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። አሜሪካውያን ሥራውን በ1955 ሮቨር በተባለ ፕሮጀክት ጀመሩት። ሬአክተሮቹን የሚነድፈው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ነበር፤ የሚሞከሩት ደግሞ በኔቫዳ በረሃ፣ ጃካስ ፍላትስ በሚባል ሜዳ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሬአክተሮች ኪዊ አሏቸው፤ ኪዊ የማትበር የኒውዚላንድ ወፍ ናት፣ እነሱም መሬት ላይ ታስረው የሚሞከሩ እንጂ የሚበሩ አልነበሩም። ከኪዊ ቀጥሎ ፊበስ የተባለው ትልቁ ወንድም መጣ። ናሳና የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ከኤሮጀትና ከዌስቲንግሃውስ ኩባንያዎች ጋር ሆነው ለበረራ ያሰቡት ሞተር ደግሞ ኔርቫ ይባላል።

የሬአክተሩ እምብርት ዩራኒየም ከተቀላቀለበት ግራፋይት የተሠራ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንጎቹ ርዝመታቸው 1.3 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 19 ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። ሃይድሮጅኑ ከታንኩ ሲነሳ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የኖዝሉን ግድግዳና የእምብርቱን ዙሪያ አቀዝቅዞ፣ በእነዚያ ቀዳዳዎች አልፎ ሲወጣ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ግሏል። ይህ ሁሉ ለውጥ የሚሆነው ከሰው ቁመት ባነሰ ርቀት ላይ ነው። በኃይልም ረገድ ሬአክተሩ ሲነሳ ከአንድ ዋት በታች ነው፤ ሙሉ ኃይሉ ላይ ሲደርስ ከአንድ ቢሊዮን ዋት ያልፋል።

ይህን ሁሉ የሚመሩት ሁለት እጀታዎች ናቸው ብያለሁ። የመጀመሪያው የመቆጣጠሪያ ከበሮዎች ናቸው። በእምብርቱ ዙሪያ፣ ኒውትሮን መልሶ በሚያንጸባርቅ የቤሪሊየም ቀለበት ውስጥ፣ በኔርቫ ዓይነቶቹ ሬአክተሮች 12 ከበሮዎች ቆመዋል። እያንዳንዱ ከበሮ በአንድ ጎኑ ቦሮን ለብሷል። ቦሮን ኒውትሮን ይውጣል፤ ኒውትሮን ደግሞ ዩራኒየሙን እየሰነጠቀ ሰንሰለታዊውን ሂደት የሚያስቀጥል ቅንጣት ነው። የቦሮኑ ጎን ወደ እምብርቱ ሲዞር ሬአክተሩ ይዘጋል፤ ወደ ውጭ ሲዞር ኒውትሮኖቹ ይመለሱና ኃይሉ ይነሳል። ሁለተኛው እጀታ ወደ ተርባይኑ የሚሄደውን ጋዝ የሚያሰፋና የሚያጠብ ቫልቭ ነው። ተርባይኑ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ሃይድሮጅን ይገፋል። ባጭሩ ከበሮው የሙቀቱ፣ ቫልቩ የግፊቱ ጌታ ነው።

እንዲህ ሲባል ሥራው የተከፋፈለ ይመስላል። ችግሩ ግን ሃይድሮጅን ማቀዝቀዣ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኒውትሮኖችን ስለሚያዘገይ ሰንሰለታዊውን ሂደት ራሱን ያግዛል። እምብርቱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሲበዛ፣ ከበሮው ንቅንቅ ባይልም፣ ኃይሉ ይጨምራል፤ እምብርቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኃይሉ ወደ ታች ያዘነብላል። ይህ ባሕርይ አስፈሪ ቢመስልም በረከት ሆኖ ነው የተገኘው። ፓምፑ ብዙ ሲያመጣ ሬአክተሩ ሳይታዘዝ ኃይሉን ይጨምራል፣ ጥቂት ሲያመጣ ይቀንሳል። ሙቀቱም ከቦታው ብዙም አይርቅም። የኔርቫ ሙከራዎች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። እንደ እኔ አመለካከት ከዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ማንም ሳይነግረው ራሱን የሚያስተካክል ሞተር ካለህ፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያው ግማሽ ሥራ በተፈጥሮ ተሠርቷል ማለት ነው።

ከበሮዎቹን በሰው ሠራሽ መሣሪያ ማዞር የተቻለውም በሌላ የተፈጥሮ ቸርነት ነው። ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ከሚወጡት ኒውትሮኖች አብዛኞቹ ወዲያውኑ ይወጣሉ። የአንዱ ትውልድ ዕድሜ ከሰከንድ አንድ አሥር ሺህኛ ያነሰ ነው፤ በእነሱ ብቻ የሚሄድ ሬአክተር ለየትኛውም ሞተርና ቫልቭ ፋታ አይሰጥም። ነገር ግን ከሺህ ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑት ዘግይተው ነው የሚወጡት፤ አንዳንዶቹ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ውስጥ። የሬአክተር አመራር በሙሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ ጥቂት ዘግይተኞች ላይ ነው። ከበሮውን በልክ ካዞርህ እነሱን ትጠብቃለህ፤ ከልክ በላይ ካፈጠንከው አትጠብቃቸውም። የሎስ አላሞስ ሰዎች ይህን ሆን ብለው አይተውታል። ጃንዋሪ 12 ቀን 1965 ኪዊ ቲኤንቲ በተባለው ሙከራ፣ ከበሮዎቹ በሰከንድ እስከ 4,000 ዲግሪ እንዲዞሩ አድርገው አንድ ሬአክተር አፈነዱ። ዓላማው የከፋው አደጋ ምን እንደሚመስል መለካት ነበር። ለበረራ የሚሆን ከበሮ ፍጥነቱ በአሠራሩ መገደብ ያለበት ለምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

አሁን ወደ ንግግሬ ልብ ልግባ፤ ወደ መለኪያዎቹ።

መሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚሻው የሚወጣውን ጋዝ ሙቀት ነው። አሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሮኬቱ ይጠቀማል፤ ጥቂት ካለፈ ግን ግራፋይቱ በሃይድሮጅን እየተበላ ይሄዳል። ለዚህ የሚያገለግለው ቴርሞካፕል ነው፤ ሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች ጫፋቸው ተበይዶ፣ ሲሞቅ ጥቂት ቮልቴጅ ይሰጣሉ። በፋብሪካ ምድጃ የምናውቀው ዓይነት እዚህ ይቀልጣል። ስለዚህ የተመረጡት ተንግስተንና ሬኒየም ናቸው። እነሱ ሙቀቱን ይችሉታል፤ የማይችሉት ኒውትሮኑን ነው። ተንግስተን ኒውትሮን ሲውጥ ቀስ በቀስ ወደ ሬኒየም፣ ሬኒየም ደግሞ ወደ ኦስሚየም ይለወጣል። ሽቦው በቆየ ቁጥር ሲገዛ የነበረውን ብረት መሆኑ ይቀራል፤ የሚሰጠውም ቮልቴጅ ከመለኪያ ሰንጠረዡ ይርቃል። በዚያ ላይ ሽቦዎቹን የሚለየው ሴራሚክ በከፍተኛ ሙቀት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ያኔ መሣሪያው የሚነግርህ የጫፉን ሙቀት ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ደባልቆ ነው። ቴርሞካፕል ሲሞት ዝም ብሎ ቢሞት ደግ ነበር። ክፉው ነገር በሕይወት ያለ መስሎ፣ የሚታመን የሚመስል ቁጥር እያወጣ መሳሳቱ ነው።

ሁለተኛው የኒውትሮን ቆጣሪ ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ኃይሉ ሲነሳ ወዲያውኑ ያያል። ግን ከዋት በታች ጀምሮ እስከ ቢሊዮን ዋት የሚያይ አንድ ዓይን የለም። ስለዚህ አንዱ ለማስነሻው፣ ሌላው ለመካከለኛው፣ ሌላው ለሙሉ ኃይሉ ተብሎ የተለያዩ ቆጣሪዎች ይደረደራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ርክክብ የሚደረግበት ቅጽበት ራሱን የቻለ የችግር ምንጭ ነው። ከዚህም በላይ ቆጣሪው የሚቀመጠው ከእምብርቱ ውጭ ነው። የሚያየውም ሾልከው የወጡትን ኒውትሮኖች ብቻ ነው። ከበሮው ሲዞር ወይም በዙሪያው ያለው ሃይድሮጅን ሲቀዘቅዝና ሲወፍር የሚሾልከው መጠን ይለወጣል። ኃይሉ ምንም ሳይለወጥ ቆጣሪው ተለወጠ ሊል ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ መሐንዲሶቹ ያሉት ፈጣን ግን ትክክለኛ ያልሆነ አንድ መለኪያና፣ ትክክለኛ ሊሆን የሚችል ግን ቀርፋፋና ታማሚ ሌላ መለኪያ ነው። ያደረጉት ነገር ብልህነት አለበት። ፈጣኑን ኒውትሮን ቆጣሪ ከበሮውን በየቅጽበቱ እንዲያስተካክል ውስጥ አስቀመጡት፤ ቀርፋፋውን ቴርሞካፕል ደግሞ ከላይ ሆኖ ቆጣሪው ሊደርስበት የሚገባውን ግብ ቀስ እያለ እንዲያርም አደረጉት። የቆጣሪውን ንባብ ከእውነተኛው የሙቀት ኃይል ጋር ያመሳክሩታል። ይኸውም በሰከንድ ስንት ኪሎ ሃይድሮጅን እንዳለፈና ስንት ዲግሪ እንደጋለ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ለቴርሞካፕሉም ቢሆን ምስክር አለ። ጋዝ በኖዝል ጉሮሮ ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ግፊቱ፣ መጠኑና ሙቀቱ በአንድ ሕግ የታሰሩ ናቸው፤ ሁለቱን ካወቅህ ሦስተኛውን ታሰላለህ። ግፊትን ደግሞ በቀጭን ቱቦ ስቦ፣ ራቅ ባለና በቀዘቀዘ ቦታ መለካት ይቻላል። እሳቱ ውስጥ መግባት የማያስፈልገው መለኪያ እሳቱ ውስጥ ከተነከረው ይልቅ ዕድሜ አለው።

መለኪያ ያልታሰበለትን ነገር እንደማያይ የምታሳይ አንዲት ሙከራ ላንሳ። ኖቬምበር 30 ቀን 1962 ኪዊ ቢ4ኤ ኃይሏ እየጨመረ ሳለ ከኖዝሏ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ብልጭታ ታየ፤ ከዚያም ብልጭታው እየበዛ ሄደ። ሙከራው ተቋረጠ። ብልጭታው እየተሰበሩ የሚወጡ የነዳጅ ዘንጎች ቁራጭ ነበር። ለምን እንደተሰበሩ ለማወቅ መሐንዲሶቹ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ዩራኒየም፣ በቀዝቃዛ ጋዝ ብቻ ያንኑ ዓይነት እምብርት ሞከሩ። ሙቀትም ጨረርም በሌለበት ሁኔታ መለኪያዎቻቸው በሰላም ሠሩ፤ ጥፋተኛውም ታወቀ። በዘንጎቹ መካከል የሚያልፈው ጋዝ ራሱ እያንቀጠቀጣቸው ነበር። ኒውትሮን ጨርሶ አልነበረበትም። አሠራሩ ተለውጦ በ1964 ኪዊ ቢ4ኢ 900 ሜጋዋት አልፋ ለስምንት ደቂቃ ያህል ያለ ችግር ነደደች።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ስገባ ቀስ ልበል፤ የርዕሴ ምንጭ ያለው እዚህ ነውና።

ጁን 25 ቀን 1965 ፊበስ 1ኤ ወደ 1,090 ሜጋዋት ደረሰች። ለአሥር ደቂቃ ተኩል ያህል እንደታሰበው ነደደች። ሬአክተሩ ጤነኛ ነበር፤ ከበሮዎቹ ይታዘዛሉ፣ ሙቀቱ በቦታው ነው። ችግሩ የመጣው ማንም ብዙ ካላሰበበት ቦታ፣ ከሃይድሮጅን ታንኩ ጌጅ ነው። ፈሳሽ ሃይድሮጅን በታንክ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካው በኤሌክትሪክ ነበር። ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ቁመው በመካከላቸው ፈሳሽ ሲኖር ከጋዝ ይልቅ ጥቂት የበለጠ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ከዚያ ልዩነት ከፍታው ይሰላል። በሃይድሮጅን ዘንድ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ሬአክተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ደግሞ ጨረሩ የእነዚህን ጌጆች ንባብ ያዛባል። በመቆጣጠሪያው ክፍል ባሉት ሰዎች ፊት ሁለት ንባብ ተደቀነ። አንደኛው ታንኩ ሊያልቅ ነው ይላል፤ ሌላው ገና ሩቡ አለ ይላል። ሩቡ አለ ያለውን አመኑ።

ታንኩ ባዶ ነበር። ሃይድሮጅኑ ሲቋረጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የጋለው እምብርት የሚያቀዝቅዘው አጣ። በቅጽበት ከልክ በላይ ግሎ ተበላሸ፤ ከነዳጁም በከፊል በኖዝሉ ተተፍቶ በሙከራው ሜዳ ላይ ተበተነ። ሰው ቀርቦ ማጽዳት ከመጀመሩ በፊት ጨረሩ እስኪቀንስ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ሆነ።

እነዚያን ሰዎች ለመውቀስ ይቀናል፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። ሁለት ምስክሮች ተቃርነው ቆመዋል፣ ሦስተኛ የለም፣ ጊዜው የሰከንዶች ነው፣ ሙከራውን ያለ ምክንያት ማቋረጥ ደግሞ የወራት ድካም ማባከን ነው። ነቀፋ ካለ በወረቀት ላይ ሁለት መለኪያ በቂ ነው ብሎ ለወሰነው ንድፍ ነው። ሁለት መለኪያ አንዱ መሳሳቱን ይነግርሃል፣ የትኛው እንደተሳሳተ ግን አይነግርህም። ሦስት ከሆኑ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አንዱን ያሳተው ጨረር ሁሉንም ባንዴ ያስታል። የሚሻለው በባሕርዩ የተለየ ምስክር ነው። የነዳጅ ጌጁ የተበላሸበት የሚኒባስ ሹፌር ከቀዳ ወዲህ የሄደውን ኪሎሜትር ቆጥሮ ስንት ሊትር እንደቀረው ያውቃል። የሮኬት ሞተርም የሚያልፈውን ሃይድሮጅን በየሰከንዱ ስለሚለካ፣ ያንን ደምሮ ከመነሻው መጠን መቀነስ ይችላል። በጨረር የታመመውን ጌጅ የሚያጋልጠው እንዲህ ያለ በሌላ መንገድ የመጣ ሒሳብ ነው።

መሬት ላይ ላለ ሬአክተር ግን ቀላል መልስ አለ ትሉኝ ይሆናል፤ ተጠራጠርህ? ዝጋው። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያዎች የሚተዳደሩት በዚህ ነው፤ ለእነሱም ትክክል ነው። ሰው ጭኖ ወደ ማርስ ለሚሄድ ሞተር ግን መዝጋት ሁልጊዜ ደህንነት አይደለም። ከማርስ ምሕዋር ለመመለስ ሞተሩ እየነደደ ሳለ አንድ የተሳሳተ ቴርሞካፕል ቢዘጋው፣ ሬአክተሩ ይድናል፣ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው የሚወስዳቸው መንገድ ያመልጣቸዋል። በዚህ የተነሳ የኔርቫ ነዳፊዎች ሁለት ተርቦፓምፕ (ፓምፕ ከነተርባይኑ) ጎን ለጎን አኖሩ፤ ብልሽት ሲያጋጥም ጨርሶ ከመዝጋት ይልቅ ኃይሉን ቀንሶ የሚቀጥልበት የአደጋ ጊዜ አሠራርም አሰቡ። በነገራችን ላይ መዝጋት ራሱ ነገሩን አይጨርሰውም። ሰንሰለታዊው ሂደት ከቆመ በኋላም በእምብርቱ ውስጥ የተከማቹት ጨረር ሰጪ ቅንጣቶች መጀመሪያ ላይ የኃይሉን ጥቂት በመቶ ያህል ሙቀት ይሰጣሉ። የአንድ ቢሊዮን ዋት ጥቂት በመቶ ብዙ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን እየቆጠቡ፣ በየተራ እየለቀቁ ለሰዓታት ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ያም በጌጅ ይመራል።

ከምድር ሆኖ መምራትም አይታሰብም። የሬዲዮ መልእክት ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። ፊበስ 1ኤን ያጠፋት ስሕተት ሊታይ፣ ሊታሰብበትና ሊታረም ከነበረበት ጊዜ ጋር ይህን አስተያዩት። ውሳኔው በመርከቧ ላይ፣ በኮምፒውተር መሰጠት አለበት። ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥሮቹን ከሰው በላይ ያምናል፤ እንዲጠራጠር ካላስተማርከው በስተቀር።

ይህ እንደማይቻል አልናገርም። እንዲያውም ብዙው ተችሎ ነበር። በ1969 ኤክስኢ የተባለው ሙሉ የኔርቫ ሙከራ ሞተር፣ ኖዝሉን ወደ ታች አድርጎ፣ 28 ጊዜ ተነስቶ ጠፍቷል፤ በድምሩም ለ115 ደቂቃ ሠርቷል። በልዩ ልዩ የአነሳስ ስልትና በራስ ገዝ መቆጣጠሪያ ተሞክሮ ታዝዟል። ፈሳሹ ሃይድሮጅን ገና ባልቀዘቀዘ ቧንቧ ውስጥ ግማሹ ጋዝ፣ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ሲንቦጫረቅ የነበረው የማስነሻ ሰዓት እንኳ ተገርቶ ነበር። ፕሮጀክቱ የተዘጋው በ1973 መጀመሪያ ላይ በገንዘብና በፖለቲካ ምክንያት ነው፤ ሞተሩ እምቢ ብሎ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ናሳና የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ድራኮ በተባለ ፕሮጀክት አንድ ሞተር በጠፈር ላይ ለመሞከር ተነስተው ነበር፤ እሱም በ2025 ተሰረዘ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር ሕዋ ላይ ነዶ አያውቅም። እንደገና የሚነሳበት ቀን ሲመጣ፣ የሚጎድለው ሬአክተር የሚነድፍ ሰው ይሆናል ብዬ አልሰጋም። የሚጎድለው በዚያ ሙቀትና በዚያ ጨረር ውስጥ ለሰዓታት ሳይዋሽ የሚቆይ ሽቦ፣ ኬብልና ማጉያ፣ የተቃረኑ ንባቦችንም የሚዳኝ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪዎች፣ ኑክሌር ፊዚክስ ስላልተማራችሁ ጉዳዩ አይመለከተንም አትበሉ። የመለኪያን ትምህርት እንደ አሰልቺ ኮርስ አልፋችሁት ከሆነ፣ ተመለሱና በደንብ አንብቡት።